ሻለቃና የአባባ ክራንች

እህቴ መርፌ በአፏ ይዛ ነው የምታወራው። ልብስ ሰፊ ናትና ልማድ ሆኖባታል፤ እኔ ግን አንድ ቀን ትውጠዋለች እያልኩ ስሳቀቅ ነው የኖርኩት። እናታችን ስትሞት፣ አባባም ለሥራ እየራቀ ስለነበር፣ እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን እሷ ናት። ያኔ ራሷ ገና ልጅ ነበረች። ፍራሿን በሩ ሥር አንጥፋ ትተኛ ነበር፣ የሚገባ ካለ መጀመሪያ እሷን ረግጦ እንዲገባ። ፈርታ አይቻት አላውቅም። የቤቱን ፍርሃት ጠቅልላ ለእኔ የሰጠችኝ ይመስለኛል፤ እኔ በገዛ ጥላዬ የምደነግጥ ሰው ነኝ።

ደግሞ የምትጥለው ነገር የላትም። ቅዳጅ ጨርቅ ታጠራቅማለች፣ የተሰበረ ቁልፍ ታጠራቅማለች። ሻለቃንም ያገኘችው እንደዚያው ነው። ዝናብ ሲያወርደው በዋለበት ቀን አንድ ቡናማ ውሻ፣ አንገቱ ላይ ሽቦ እንደታሰረ፣ በክፍት በር ገብቶ ስፌት መኪናዋ ሥር ተወሸቀ። ጀርባው በዱላ ብዛት ተልጧል። "ውጣ!" ብዬ መጥረጊያ ባነሳበት ሽንቱን ለቀቀው። እህቴ መጥረጊያውን ነጠቀችኝና "አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?" አለችኝ። ሻለቃ የሚለውን ስም ያወጣለት ወንድሜ ነው፣ ለማሾፍ። እንዲህ ያለ ፈሪ ሻለቃ የትም አይገኝም።

የፈሪ ነገር ግን ያስፈራል። ዱላ በሉት ዣንጥላ፣ ብቻ ረዘም ያለ ነገር የያዘ ሰው ካየ ጥርሱን አግጥጦ ይወረወራል። መብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ዣንጥላ ይዞ የመጣ ዕለት፣ ሱሪውን ከጉልበቱ እስከ ታች ተረተረው። ሰውዬው መጋረጃችንን አገልድሞ እየጠበቀ፣ እህቴ እዚያው ሰፍታ ሰጠችው። ከሄደ በኋላ ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን ሳቅ ቀረ፣ አባባ ወደቀ።

ዳሌው ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሐኪሙ "ሁለተኛ ከወደቁ መነሳት የለም" አለው። ከሆስፒታል ሲወጣ የሚያርፈው እኛ ጋ ነው፤ የሚመጣውም በሁለት ክራንች። ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ነገር ማንዛዛት አይወድም።

"አባባ ሳይመጣ ውሻው የሞት መርፌ ይወጋና ይረፍ" አለ። "የእንስሳት ሐኪሙን እኔው አመጣዋለሁ።"

እህቴ መርፌዎቿን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። ነገሩ የምር መሆኑ ያኔ ገባኝ። "አባባ እስኪመጣ ድረስ ተወኝ" አለችው። "ካልሆነልኝ፣ ሲወጋ ራሴ እይዝልሃለሁ።"

ለማን እንደምፈራ ግራ ገባኝ። ለአባባ ዳሌ ፈራሁ፣ ለሻለቃ ፈራሁ፣ ከሁሉ ከሁሉ ግን እህቴ ያን ውሻ አቅፋ ስታስወጋው ማየት ፈራሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ባሰበት። ሰው ሲመጣ አንገቱ ላይ ያሰርንለትን ገመድ ጠበቅ አድርገን "አይዞህ፣ አይዞህ ሻለቃ" እንለዋለን። ሌላ ምን እንበለው ታዲያ? የፈራ አይዞህ ነው የሚባለው። እሱ ግን ባልነው ቁጥር ያብዳል። አንድ ከሰዓት ሻለቃ ጥላ ሥር ተኝቶ፣ እህቴም ኮሌታ እየሰፋች ሳለ፣ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ልጅ ወድቆ አለቀሰ። እናቱ "አይዞህ የኔ ልጅ!" አለችው። ሻለቃ ከእንቅልፉ ተስፈንጥሮ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ በሩ ላይ ይጮህ ጀመር። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

እህቴ ፔዳሉን አቆመች። "ወይ ጉድ!" አለች። "እኛ ነን ለካ ያስተማርነው። ሰው በመጣ ቁጥር አንገቱን እያነቅን አይዞህ ስንለው፣ ክፉ ነገር መጣልህ ያልነው መስሎታል።"

ከዚያ ወዲህ ያ ቃል በእኛም ቤት በጎረቤትም ተከለከለ። እህቴ መወልወያውን ግቢው ጥግ፣ ሻለቃ አይቶት ከማይደነግጥበት ርቀት ላይ አጋደመችው። እሱን አየት አድርጎ ፊቱን ወደ እሷ ሲመልስ ቁራጭ ጉበት ታጎርሰዋለች። ከጮኸም አትቆጣውም። "ተቻኩለናል" ትልና መወልወያውን መልሳ ታርቀዋለች። እንዲህ እያለች በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አቀረበችው። ገመዱ ምንጊዜም ላላ ብሎ መሬት መንካት አለበት። ቀጥሎ አባባን መስሎ መራመድ በእኔ ላይ ወደቀ። በሁለት የመጥረጊያ እንጨት እያነከስኩ ግቢውን ስዞር ጎረቤት "ምነው፣ ምን አገኘሽ?" ይለኛል። "አባቴን እየሆንኩ ነው" እላለሁ። እኔ እቀልዳለሁ፣ ዓይኔ ግን ከሻለቃ ጥርስ አይነቀልም።

ገመድ ያዥ ስሆን ደግሞ ይብስብኛል፤ እጄ ሳላዘው ይጨብጣል።

"እጅሽን!" ትለኛለች እህቴ፣ መርፌ በአፏ። "ፍርሃትሽ በገመዱ ሄዶ እሱ ጋ ይደርሳል።"

"ታዲያ ምን ላርገው፣ ልቁረጠው?"

"ልቀቂው።"

ቀኑ ደረሰ። ሻለቃን ክፍል ውስጥ እንቆልፍበት ብዬ ለምኛት ነበር። "ዛሬ ብንቆልፍበት ነገስ? አብረው እኮ ነው የሚኖሩት" አለችኝ። ወንድሜ አባባን ከመኪና እያወረደ "የእንስሳት ሐኪሙ ስልኬን እየጠበቀ ነው" አለ። እህቴ አባባን ልትደግፍ ወጣች። ገመዱ እኔ እጅ ላይ ቀረ።

ክራንቹ ሲሚንቶውን መታ። ቋ። ሻለቃ ተነሳ። ቋ። አባባ ከስቷል፣ ኮቱ ሰፍቶታል፤ እያንዳንዱን እርምጃ እየለመነ ነው የሚራመደው። ሻለቃ ክራንቹን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ጉበት አጎረስኩት። ተመስገን፣ ሊያልፍ ነው ብዬ ገና ስተነፍስ፣ አባባ ቆመና የሚንቀጠቀጠውን ውሻ ተመለከተ። አባባ ደግ ሰው ነው።

"አይዞህ ልጄ! አይዞህ!" አለው።

ያን ሁሉ ስንዘጋጅ ለአባባ አልነገርነውም! ጎረቤቱን ሁሉ ቃሉን አስጥለን፣ ዋናውን ሰው ረሳነው።

የሻለቃ ፀጉር ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ቆመ። ከጉሮሮው የሚወጣውን ድምፅ በእግሬ ሥር ሰማሁት። ወንድሜ "ያዢው!" ብሎ ጮኸ። እህቴ አባባን እንደደገፈች አየችኝ፤ አፏ ውስጥ መርፌ የለም። ጣቶቼ መታጠፍ ጀመሩ። አምላኬ፣ ብጨብጠው አለቀልን፤ ባልጨብጠውም ማን ያውቃል። ዘረጋኋቸው። ገመዱ መዳፌ ላይ ላላ ብሎ መሬት ነካ።

ሻለቃ ገመዱ እስኪያንቀው ጠበቀ። አላነቀውም። መላ አካላቱ እየተንዘፈዘፈ ዞሮ አየኝ። ያለኝን እፍኝ ጉበት አቀረብኩለት፤ ጣቴን አብሮ ሊጎርሰው ምንም አልቀረው። አባባ ቋ፣ ቋ እያለ አልፎን ቤት ገባ።

ወንድሜ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። "እንግዲህ..." አለና ወደ መኪናው ተመለሰ።

እህቴን ፈልጌ ብገባ፣ ስፌት መኪናዋ ሥር፣ ሻለቃ ያን ቀን የተወሸቀበት ቦታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እጇ ይንቀጠቀጣል።

"እይዝልሃለሁ ብዬው ነበር እኮ" አለች። "እንዴት አድርጌ ነበር የምይዘው?"

አይዞሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። በሩ ላይ የቆመው ሻለቃ ጆሮውን ቀሰረ። ዋጥኩት። የማደርገው ቢጠፋኝ ኪሴን ዳበስኩ፤ አንዲት ቁራጭ ጉበት ቀርታ ኖሮ ለእህቴ ዘረጋሁላት።

"እብድ!" አለችኝ፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ጉበቷን ተቀበለችኝና ለሻለቃ ዘረጋችለት። እጇ መንቀጥቀጡን ገና አልተወም ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ መጣና ከመዳፏ ላይ በምላሱ አነሳት።