ቁጭ ብድግ

አባቴ ሲሞት እናቴ ከከላላ ወዲያ ባለው ገጠር ብቻዋን ቀረች። ሰባ አልፏት ነበር፤ ቢሆንም ገብሷን ራሷ ታርማለች፣ እንጨቷን ራሷ ትፈልጣለች፣ ከምንጭ ውኃ ተሸክማ ዳገቱን ትወጣለች። እኔ መካነ ሰላም አስተማሪ ነኝ። ብቻዋን መተዉ ነውር መሰለኝና ሄጄ አመጣኋት፤ እስከ መኪና መንገዱ በበቅሎ፣ ከዚያ በሚኒባስ።

በነጋታው ደጁን ልትጠርግ መጥረጊያ ስታነሣ ከእጇ ተቀበልኳት። እስከ ዛሬ የለፋሽው ይበቃል፣ ከእንግዲህ ቁጭ ብለሽ ብዪ አልኳት። የፕላስቲክ ወንበር ገዝቼ ፀሐይ በሚያገኘው በረንዳ ላይ አደረግሁላት። ጎረቤቶቼ ጧሪ ልጅ እያሉ መረቁኝ። ምርቃቱ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። መጀመሪያ የሰፈራችን ዳገት ከብዷት ቤተ ክርስቲያን መሳም ተወች። ቀጥሎ ከወንበሯ ለመነሣት የሰው እጅ መፈለግ ጀመረች። እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሰኔ ላይ ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ጭቃው አዳልጧት ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ መነሣት ግን አቃታት። ከትምህርት ቤት እስክመለስ ድረስ እዚያው ተኝታ ጠበቀችኝ። ሽንት አምልጧት ስለነበር፣ ከብርዱ ይልቅ የጨነቃት እሱን እንዳላይባት ነበር።

ሐኪም ቤት ስወስዳት ፊዚዮቴራፒ የሚሠራው ወጣት ጭኗን ዳሰሰና ቀኑን ምን ሲሠሩ ይውላሉ ብሎ ጠየቀ። እሷ ሳትመልስ ቀድሜ ምንም አላሠራትም አልኩት፤ በኩራት ነው የተናገርኩት።

"እግራቸው አልታመመም" አለኝ። "ሥራ ሲያጣ ጊዜ ነው የከዳቸው።"

ከዚያ አሳየን። በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ስምንት ጊዜ፣ ጧትና ማታ። የበር መቃን ይዞ ተረከዝን ማንሣት። ውኃ የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ በሁለት እጅ ይዞ ከፍ ዝቅ ማድረግ። ሲቀልላቸው ጨምሪላቸው አለኝ።

ቤታችን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪ ሲያጠፋ ቁጭ ብድግ እንደምናሠራው እናቴ በረንዳው ላይ ሆና ስታይ ኖራለች። የመጀመሪያ ቀን ተነሺ ስላት ቀና ብላ አየችኝና፣ "ምን አጥፍቼ ነው?" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ቢሆንም ሠራች። ወንበሩ ዝቅ ስላለባት መጀመሪያ ብርድ ልብስ አጥፌ አነጠፍኩላት፤ ነሐሴ ላይ አነሣሁት። መስከረም ሲጠባ በእጇ ሳትደገፍ ትነሣ ነበር። ለመስቀል በምርኩዝ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ደርሳ ተሳልማ ተመለሰች። ያን ቀን ምሳዋን ጠግባ በላች።

ጥር ላይ የሳንባ ምች ያዛት። ሦስት ሳምንት ተኛች። ሳሉ ሲለቃት ጭኖቿ መንምነው ክንዴን አክለው ነበር። ወጣቱ ባለሙያ ከመጀመሪያው ጀምሩ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ሲደክማቸው ተዪአቸው አለኝ። እኔ መተዉን አልሰማሁም። ካልተነሣች ትሞትብኛለች የሚል ፍርሃት ገብቶብኝ በየቀኑ እነዘንዛት ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ እምቢ ስትለኝ በብብቷ ገብቼ አነሣኋትና አንድ ብዬ ቆጠርኩ። ጉልበቷ ታጠፈ፤ ተያይዘን ወለሉ ላይ ወደቅን። ክንዷ ላይ ጣቶቼ ያረፉበት ጠቁሮ ነበር።

እዚያው ወለሉ ላይ እንዳለን፣ ድምጿን ሳታነሣ ተናገረችኝ።

"ልሥራ ስልሽ ቁጭ በይ አልሽኝ። አሁን ልረፍ ስል ተነሺ ትዪኛለሽ። አንድ ቀን እንኳ ምን ይሻልሻል ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ይቅር በዪኝ አልኳት። "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ አላስገደድኳትም። ምን ልሥራልሽ ስላት ምስር አምጪልኝ ልልቀም አለች። በትራስ እደግፋታለሁ፤ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ትለቅማለች። ሁዳዴ ሳይጋመስ ሞተች።

ለቀስተኛው ሁሉ ደህና አድርገሽ ጦርሻታል እያለ አጽናናኝ። ታላቅ እህቷ ከገጠር መጥታ ነበር። በአራት ዓመት ትበልጣታለች፤ ግማሹን መንገድ በእግሯ ነው የመጣችው። በሦስተኛው ቀን ልትሄድ ስትል ከምንጣፉ ላይ ምንም ሳትደገፍ ብድግ አለች። ዓይኔ ጉልበቷ ላይ ቀረ። እኔ ዘንድ ቆዪ፣ እረፊ ልላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ስንቋን አንጠልጥዬ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት፤ እየቀደመችኝ ነበር የምትሄደው።