ለመዝሙር የተያዘ ሣር

መዝሙሬን ለማንም እጩ አልሰጥም ብያለሁ፤ ዛሬም ያው ነኝ። ሲቀላ ሰፈር ወዳለችው ልብስ ስፌት ቤቴ ለሚመጣ ሁሉ ይህንን ስለምናገር አንዳንዱ ደንበኛ ገና በር ላይ ሆኖ "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" ይለኛል። ቢያውቅም እነግረዋለሁ።

መዝሙሩን የደረስኩት የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ነው። ምቱ በጋሞ ደጋ፣ በአባቴ መንደር፣ በዓል ሲሆን የሚጨፈርበት ነው፤ ቃሉ ግን ጌታ ነገሠ ይላል። ከመዘምራን ጋር መጀመሪያ ባቀረብኩት እሁድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጠሩኝ። ከሁሉም የባሰው አንዱ "እህታችን፣ ይሄ እኮ ዘፈን ዘፈን ይላል፤ ወገብ ያስነቀንቃል" አለኝ። ወይ ጉድ! ይህን ምት እግዚአብሔር ካልሰጠን ማን ሰጠን? ሰይጣን ከመቼ ወዲህ ነው ከበሮ መምታት የለመደው? እዚያው ጠየቅኳቸው። እነሱ ግን መዝሙሩን ከለከሉት።

ምን ዋጋ አለው፣ ያን እሁድ አንዷ በስልኳ ቀድታው ነበር። ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ከዚያማ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ እስከ ታችኛው ሲቀላ ባጃጁ ሁሉ እሱን እየከፈተ ይከንፍ ጀመር። ጫሞ ሐይቅ ዳር አሣ የሚያወርዱት ልጆች ትከሻቸውን እየሰበቁ ሲጨፍሩበት አየሁ። ኦርቶዶክሷ ጎረቤቴ እንኳ ልብሷን እያሰጣች ታንጎራጉረዋለች። ሽማግሌዎቹ ይህንን እያነሱ "አላልንሽም? ዓለም ወሰደው" አሉኝ። ጌታ የመጣው ዓለምን ወዶ አይደለም እንዴ? እኔስ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

ምርጫው ሲቀርብ ያ ከሁሉም የባሰው ሽማግሌ እጩ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት ሱፉን ለብሶ ስፌት ቤቴ ገባ።

"ተባረኪ እህቴ። ያቺ መዝሙርሽ እንዴት ያለች ናት! ስታዲየም ላይ ሕዝብ ስንሰበስብ መዘምራኑን ይዘሽ ትወጫለሽ።"

"ዘፈን ነው ብለውኝ አልነበር ጋሼ?"

"ያኔ በደንብ አላዳመጥነውም። ደግሞ አታስቢ፣ ዜማው አይነካም። ጌታ በሚለው ቦታ የእኔን ስም ብቻ ታስገቢያለሽ።"

ብቻ! ደሜ ፈላ። ሕዝቡ እንጀራ ስለበላ ሊያነግሠው ሲመጣ ክርስቶስ ራሱ ጥሎ ወደ ተራራ ሄደ፤ ይሄኛው ደግሞ ያልሰጡትን ዙፋን በመዝሙር ሊቀመጥበት መጣ። ፖለቲካ ርኩስ ነው የምል ሰው አይደለሁም። መንገድም፣ ውሃም፣ ሐኪም ቤትም የሚመጣው በእሱ ነው። ሊመረጥ የሚፈልግ በሥራው ይምጣ። "ሞቼ እገኛለሁ ጋሼ" አልኩትና መቀሴን አነሳሁ። ጨርቅ ልቆርጥ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ነገሩ አለቀ ስል አባቴ ከደጋ ወረደ። ሸማኔ ነው፤ ያለ ምክንያት ተቀምጦ ከሚሸምንበት ጉድጓድ አይወጣም። ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር መጥቶ የስፌት ቤቴ በር ላይ ቆመ፤ ሁሉም እርጥብ ሣር ይዘዋል። ከዚያ ተንበረከኩ።

በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ነገር ያበቃል። ዱላ ያነሳም ይጥላል፣ ወንድሙ የሞተበትም ይመለሳል። ያን ሣር አልፎ የሚሄድ ሰው የለም። አሁን አባቴ፣ የወለደኝ አባቴ፣ በመዝሙሩ ነገር ለእኔ ተንበርክኳል። እምቢ ብል ደጁን አልረግጥም። እሺ ብል ደግሞ ያንን መዝሙር ዳግመኛ ለጌታ ለመዘመር አፍ የለኝም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

"ልጄ፣" አለኝ አባቴ፣ "የቤተ ክርስቲያንሽ ሽማግሌዎች መንደር ድረስ መጥተው በአንቺ ምክንያት ምእመኑ ለሁለት ተከፍሎ ሊጋጭ ነው ብለውናል። ደም ሳይፈስ እሺ በያቸው።"

ለካ እንዲህ ብለው ነው ያወረዱት! በጓሮ በኩል ወጣሁ። ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነቀልኩና ዞሬ መጥቼ አባቴ ፊት ተንበረከክሁ።

ከመንደሩ ሽማግሌዎች አንዱ ደነገጠ። "ሴት ልጅ ሣር ትይዛለች እንዴ?"

"ለመዝሙር ሣር ከተያዘማ እኔም እይዛለሁ" አልኩት። ወደ አባቴ ዞርኩ። "አባዬ፣ ጠብ የለም፤ የሚፈስ ደምም የለም። የፈለጉት ከመዝሙሩ የጌታን ስም አውጥቼ የእጩውን ስም እንዳስገባ ነው። በዚህ ሣር እለምንሃለሁ፣ አንተ ይህንን አትጠይቀኝ።"

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። "የሰው ስም?" አለ።

"የሰው ስም።"

ወደ መንደሩ ሽማግሌዎች ዞረ። "ደም ለሚያስቆም ሣር ነው የጠራችሁኝ ወይስ ለምርጫ ቅስቀሳ?" ሣሩን ከእጄ ተቀበለኝ። የተቀበለ ሰው ልመናውን ሰምቷል ማለት ነው። ተነስቶ ክንዴን ይዞ አስነሳኝ።

ከመዘምራን አስወጡኝ፤ ያስወጡኝ። የምርጫ ቀን በጠዋት ተሰልፌ ድምፄን ሰጠሁ፤ ለማን እንደሰጠሁ ለአባቴም አልነገርኩትም። በሚቀጥለው እሁድ እሱ እንደገና ከደጋ ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። መዘምራኑ ጨርሰው ሲቀመጡ እኔ ከአግዳሚ ወንበሬ ተነሳሁ። ማይክ የሚሰጠኝ የለም፤ ጌታ ነገሠ ብዬ በባዶ ጉሮሮዬ ጀመርኩ። የፊት ወንበር ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ሁሉ ዞረው አፈጠጡብኝ፤ አንዱ ተቀመጪ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

ያን ጊዜ ከጎኔ ጭብጨባ ሰማሁ። የደጋው ምት ነው፣ ሳይዛነፍ። አባቴ ቆሟል፤ ሽማግሌዎቹን ፊት ለፊት እያየ ያጨበጭባል።