አማርኛ ያልቻለው ታብሌት

የሺወርቅ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አይሆንላትም። ደባርቅ ላይ ለሚሠራው ጤና ጣቢያ የሳይት መሐንዲስ ሆና ከተቀጠረች ወዲህማ ባሰባት። ጎንደር ያለው መሥሪያ ቤቷ ታብሌት ሰጥቷታል፤ ፕላኑም፣ ማሻሻያውም፣ የዕለት ሪፖርቱም በዚያ ነው የሚመላለሰው። ሳይቱ ረባዳ ላይ ስለሆነ ግን ኔትወርክ የሚገኘው ከበላዩ ካለው ኮረብታ ብቻ ነው። በቀን ሦስቴ ትወጣለች። ወርዳ ሳትጨርስ «አሁን ደግሞ አንድ ነገር ቢመጣስ?» እያለች ልቧ ይንጠለጠላል።

ፎርማኑ ጋሽ ቢራራ የዳባት ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ሆነው ድጓ ድረስ ዘልቀዋል፤ በግንባታ ሥራ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ቆይተዋል። ታብሌቱን ባሳየቻቸው ቁጥር መነጽራቸውን ያደርጉና መልሰው ያወልቁታል።

«እንግሊዝኛውን አንቺ ያዥው፣ ልጄ። እኔ መጀመሪያ በተሰጠን በወረቀቱ ፕላን እሠራለሁ።»

አንድ ሐሙስ ጠዋት የሕንፃው ምሰሶዎች፣ ኮለኖቹ፣ አርማታ ሊሞሉ ነበር። በሊማሊሞ በኩል ሰማዩ ስለጠቆረ ጋሽ ቢራራ ሠራተኛውን ያጣድፋሉ። የሺወርቅ አላስችል ብሏት ወደ ኮረብታው ወጣች። ምንም አዲስ ነገር አልመጣም። ይመጣ እንደሆነ ስትጠብቅ ማክሰኞ የወረደውን ፕላን እንዲያው ከፈተችው። ጥግ ላይ፣ በደቃቅ እንግሊዝኛ፣ የማዕዘኖቹ ኮለኖች በአራት ሳይሆን በስድስት ብረት ይሠሩ ይላል።

ከታች የአርማታ ማቡኪያው ሚክሰር ድምፅ ተሰማት። ቁልቁል ሮጠች።

«ጋሽ ቢራራ፣ ያስቁሙልኝ! ያስቁሙልኝ!»

የመጀመሪያው ባልዲ የጣውላው ካሳፎርማ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሥራው ቆመ፤ የተቦካው አርማታ እንዳይባክን ለግቢው መተላለፊያ ዋለ።

ጋሽ ቢራራ «መቼ ነው የመጣው?» አሏት።

«ማክሰኞ። ሌላ ፍለጋ ስሮጥ ይኼን አላየሁትም።»

«ታብሌቱ ትናንት ከኮረብታው መልስ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አማርኛ ቢሆን እኔ አነበው ነበር» አሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ከቁጣ ይልቅ ይኼ አንገበገባት።

ጎንደር ደውላ ፕላን ነዳፊውን ሃብተ ጊዮርጊስን «ማስታወሻውን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል?» አለችው።

«ይቻላል እንጂ! የጠየቀን ሰው የለም።»

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ቢራራ በአማርኛ የሚመጣውን ማስታወሻ እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ፣ ቀስ ብለው ያነባሉ። እሷ አጠገባቸው ቆማ እግሯን ታወዛውዛለች። በሁለተኛው ሳምንት ጣታቸው አንድ ቦታ ቆመ።

«የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ከውኃው ጉድጓድ በላይ አድርገውታል። ዝናብ ሲመጣ ወዴት የሚወርድ መስሏቸው ነው?»

መሥሪያ ቤቱ ስህተቱን አምኖ ቦታውን ቀየረ።

በዓመቱ ጤና ጣቢያው አለቀና የሺወርቅ አምባ ጊዮርጊስ ወዳለው ሳይት ተዛወረች። የዚያ ፎርማን ዘቢደር እንግሊዝኛውን አቀላጥፋ ታነባለች፤ የሳይቱን ታብሌት ግን ከእጇ አታወጣም፣ ለግንበኞቹም አታሳይም። የሺወርቅ «እሷ ያላየችው መስመር ቢኖርስ?» እያለች ገና በሦስተኛው ቀን መንቆራጠጥ ጀመረች።