የአባታችንን ቤት ስናፈርስ

እህቴ ከጂዳ በተመለሰች ሰሞን ስልክ ደውላ፣ ሐይቅ ከተማ የድሮው ሰፈር ያለውን የአባታችንን ቤት አፍርሳ በብሎኬት ልትሠራ መሆኗን ነገረችኝ። እኔ የማስተምረው ደሴ ነው። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወረድኩ።

ያንን የጭቃ ቤት እወደው ነበር። አባታችን በሕይወት ሳለ፣ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳውን ያስመርገዋል። የዚያን ቀን ጎረቤቱ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃውን ከጭድ ጋር ሲረግጥ ይውላል። እኛ ልጆቹ እስከ ጉልበታችን እንገባበታለን፤ የሚቆጣን አልነበረም። በመንገዱ በኩል ደግሞ ሰፊ በረንዳ ነበረው። ዝናብ የያዘው ገበያተኛ ማንንም ሳያስፈቅድ ይጠለልበታል።

እህቴን፣ የምታፈርሺው ታሪክ ነው አልኳት። የመለሰችልኝ ግን እዚያው ቤት የምትኖረው እናታችን ናት።

«አንተ ለኢድ መጥተህ ታየዋለህ፣ ልጄ። ምስጡ የሚረግፈው እኔ ላይ ነው።»

አፈርኩ። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ቤቱን ከአባታችን ጋር የሠሩትን ሽማግሌ አናጢ አስጠራሁ። ቋሚዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሱ ዞሩና፣ እንጨቱን ሁለት ጊዜ፣ ቆርቆሮውንም አንዴ ራሳቸው እንደቀየሩት ነገሩኝ።

«ከመጀመሪያው የቀረ እንጨት ያለው አይመስለኝም» አሉ። «ያልተነካው በረንዳው ነው። አባታችሁ ከይዞታው ቆርሶ ለመንገደኛ የተወው ነው። እሱን መንገደኛው ላይ ከዘጋችሁበት፣ ያኔ የአባታችሁ ቤት ጠፋ ማለት ነው።»

በእህቴ ፕላን ላይ ከቤቱ ፊት የሚሠሩት ሱቆች በረንዳውን ውጠው እስከ መንገዱ ጠርዝ ይደርሱ ነበር። ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ፕላኑን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ሲመሽ ለግንበኛው ደውላ ሱቆቹን ወደ ውስጥ እንዲስባቸው አዘዘችው። እኔም ሌላ ቃል አልጨመርኩም፤ ቆርቆሮው ሲወርድ አብሬ ተሸከምኩ።

አሁን እናታችን ደረቅ ክፍል ውስጥ ትተኛለች። እህቴም አንዱን ሱቅ ከፍታ ጨርቅ ትሸጣለች። ጭቃ ለመርገጥ የሚሰበሰብ ጎረቤት ግን የለም፤ ብሎኬት ምርጊት አይፈልግም። ለዚህ መላ አላገኘንለትም።

ባለፈው ክረምት ስሄድ እናታችን በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ተቀምጣ ነበር። ብርድ እንዳይመታት ልዘጋው ስነሳ ከለከለችኝ።

«ኮርኒሱ ድምፁን ያፍነዋል» አለችኝ። «ዝናቡን ልስማው ብዬ ነው።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።