የሩቂያ ቲማቲምና የሷሊሕ ውሃ

ሩቂያ ከሮቢ ወንዝ ዳር ማሳ የወረሰች ባል የሞተባት ሴት ናት። ሰው ማመን የሚባለውን ነገር ከባሏ ጋር ቀብራዋለች። «አላህ ይባርክልሽ» ያላትን ሰው እንኳ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ብላ ከላይ እስከ ታች ታየዋለች።

ጣልያን ሸዋ ሮቢት ላይ ሲሰፍር ለወታደሮቹ ቲማቲም እንድታለማ ዘር ሰጣት። እምቢ የሚባል ነገር የለም። ጎረቤቷ ሷሊሕ፣ የባሏ የአጎት ልጅ፣ «ጠላት ሊቀልቡ ነው?» ብሎ ካኮረፋት ቆይቷል። ውሃ ደግሞ የእሱን ማሳ አልፎ ነው ወደ እሷ የሚደርሰው።

ፍሬው ሊቀላ ሲል ተክሉ አረንጓዴ እንደሆነ አንገቱን ደፋ። ቀትር ላይ ጠውልጎ ሲመሽ ቀና ቢል ጥማት ነው ትል ነበር። ይሄ ግን ውሃ ጠጥቶም አልነቃም። ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ የለም፤ ትልም የለም። «ሷሊሕ ነው፤ ቦዩ ውስጥ መርዝ ጨምሯል» አለች፤ ደሟ ፈላ።

የጣልያኑ አስተርጓሚ ወልደማርያም ወታደር አስከትሎ መጣ። «ያበላሸው ማነው? ስሙን ተናገሪ፤ አለዚያ አንቺው ነሽ!»

ስሙ የተጠራ ሰው ሄዶ እንደማይመለስ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የሷሊሕ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

ዓይኗ ግን ቦዩ ዳር አረፈ። ሣሩ ለምለም ነው። በዚያው ውሃ የበቀለው ሽንኩርትም ደህና ቆሟል። መርዝ ይመርጣል እንዴ? አባቷ ለበርበሬ ያደርግ እንደነበረው አንዱን የቲማቲም ግንድ ቆርጣ በቅል ውሃ ውስጥ ነከረችው። ከቁራጩ እንደ ወተት የነጣ ክር ቁልቁል ወረደ። አምና በርበሬዋን የጨረሰው ይኸው በሽታ ነው፤ ያውም እዚሁ አፈር ላይ። የፈረንጅ ተክል የእኛ በሽታ አይነካውም ብላ አፈሩን በማሽላ ሳታሳርፍ ተክላው ነበር።

«ወላሂ፣ ጌታዬ፣ ሰው የለበትም። አፈሩ ነው። ጥፋቱም የኔ።»

ወልደማርያም ጀርባዋን በአለንጋ ሸንቁጧት ሄደ። ሩቂያ እያቃሰተች ተክሉን ከነሥሩ ነቅላ አቃጠለች።

ሷሊሕ ጭሱን አይቶ አጥሩ ጋ መጣ።

«እትዬ ሩቂያ፣ ስሜን ጠሩት?»

«አልጠራሁትም።»

«ታዲያ እንዴት ለቀቁዎት?»

ነጠላዋን ገልጣ ጀርባዋን ልታሳየው አትችል፤ ፊቷን ወደ እሳቱ መለሰች። ከዚያ ወዲህ የውሃ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ሷሊሕ ስሙን አሳልፋ የሰጠች መስሎት ዱላውን ይዞ ቦዩ ላይ ይቆማል። ልትቆጣው ፈልጋ ነበር። ግን እሷም በእሱ ቦታ ብትሆን አንዲት ቃል አታምንም ነበር፤ ከአለንጋው ይልቅ ያመማት ይህ ነው።