ሰባት ቁጥሯ

ባለፈው ሳምንት የልብስ ሳጥኔን ሳገላብጥ፣ ከብሔራዊ ቡድን ማልያዎቼ ሥር አንዲት ቀይ ቁምጣ አገኘሁ። ቀለሟ ደብዝዞ ሮዝ ሆኗል። ወገቧ በጥቁር ክር፣ በጥድፊያ በተሠራ የእጅ ስፌት ሸብ ተደርጓል። ዕድሜዬን በኳስ ነው የጨረስኩት፤ ዋንጫም ሜዳልያም አለኝ፤ ቤቴ የሚመጣ እንግዳ የሚያየውም እነሱን ነው። ከሁሉም የምሳሳው ግን ለዚህች ቁምጣ ነው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ካራ ነበር። ያኔ ካራ ከተማው አልቆ ገጠሩ የሚጀምርበት ነው። አባቴ፣ የሰፈሩ ሰው ጋሽ ሸምሱ የሚለው፣ አስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ ይሰፋ ነበር። የኮቱ ክሳድ ላይ ክር የገባባት መርፌ ሁልጊዜ ተሰክታ ትውላለች። መርፌዋን ባነሳ ቁጥር ቀስ ብሎ “ቢስሚላህ” ይላል። እኔ ደግሞ ከእግሩ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ፣ አሮጌ ካልሲ ውስጥ እየጠቀጠቅኩ ኳስ እሠራለሁ። በዚህ የተነሳ በካራ ልጆች ዘንድ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ። ኳሱ የኔ ስለሆነ፣ ሴት ናት ብሎ ከጨዋታ የሚያስወጣኝ ወንድ አልነበረም።

ሜዳችን ከባህር ዛፉ ሥር ያለች፣ ወደ ገደሉ ያዘመመች ቁራጭ መሬት ነበረች። ኳሷን ገደል የከተተ ራሱ ወርዶ ያመጣታል። ታች ያለው ሳማ ደግሞ ምሕረት የለውም። እግሬ ሥር የገባች ኳስ በቀላሉ እንዳትወጣ የለመድኩት እዚያ ነው። ትልቅ ተጫዋች ከሆንኩ በኋላ ጋዜጠኞች ኳስ ይዞ ማለፍ ማን እንዳስተማረኝ ሲጠይቁኝ “ሳማ” እላቸው ነበር፤ የቀለድኩ ይመስላቸዋል።

አባባ ኳሶቹን ለወንድሞቼ የምሠራ ይመስለው ነበር። አንድ ጊዜ እራት ላይ፣ ኮተቤ ውስጥ ቁምጣ ለብሰው ኳስ የሚጫወቱ ሴቶች እንዳሉ ጎረቤት አወራለት። አባባ ጉርሻውን ውጦ፣ የኔ ልጅ ብትሆን በማግስቱ አያቷ ዘንድ ገጠር እልካት ነበር አለ። አባባ ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም። ገጠር መሄድ ማለት ትምህርቱም ኳሱም ቀረ ማለት ነበር።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ እያንዳንዱ ቀበሌ የሴቶች ኳስ ቡድን ይዞ እንዲቀርብ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ትእዛዝ መጣ። የወጣት ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ ተጫዋች ፍለጋ ሰፈሩን አመሰው። እኔንም ከወንዶቹ መሀል አይቶኝ ኖሮ መጣና መለመለኝ። እናቴ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ችግሩ የመጣው በልብሱ በኩል ነው። ጓድ ታደሰ ከሰልፍ መፈክር የተረፈ ቀይ ጨርቅ ተሸክሞ በቀጥታ አባባ ሱቅ ገባ። ለማን እንደሚሰፋ ሲጠየቅ “ለወጣቱ” ብሎ ወጣ። አባባ ወጣት ሲባል የሚያውቀው በር የሚሞሉትን የሰፈር ጎረምሶች ስለሆነ በእነሱ ልክ ቆረጠው። ላስቲክ ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ወገቡን በቁልፍ አደረገው። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ የራሴን ቁምጣ ቁልፍ እያቀበልኩት፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ዋልኩ። የኔን፣ ሰባት ቁጥርን ሰፍቶ ሲጨርስ ከፍ አድርጎ አሳየኝና አምሮ እንደሆነ ጠየቀኝ። በጣም አምሯል አልኩት።

ጨዋታው ኮተቤ፣ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ነበር። አንዱ ቁምጣ ለሁለት ሰው ይበቃል። ልጆቹ በገመድም በሻሽም አሰሩት። እኔ የቡድኑ ቀጫጫ ስለነበርኩ በጨርቅ ጠመጠምኩት፤ ጨዋታው ገና ከመጀመሩ ጨርቁ ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ በአንድ እጄ ወገቤን ይዤ ነበር የምሮጠው። ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ። ላብ ሲነካው ቀለሙ እየለቀቀ እግራችን ሁሉ ቀላ። ተጋጣሚዎቻችን አገቡብን። ኳሷን ከመረብ ለማውጣት ስንሄድ ቀና ብል፣ አባባ የበዓል ኮቱን ለብሶ መስመሩ ላይ ቆሟል። የሰፋውን ልብስ ሊያይ መጥቶ ነው። ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

እረፍት ሲሆን ሰዉን እየከፈለ ወደኔ መጣ። ዛሬውኑ ገጠር እንደምሳፈር አልተጠራጠርኩም። አባባ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከዚያ በበዓል ሱሪው ሣሩ ላይ ተንበረከከ።

“እጅሽን አንሺ” አለኝ።

መርፌዋን ከክሳዱ ነቀለ፤ “ቢስሚላህ” አለ፤ ወገቤን ዙሪያውን ሸብ እያደረገ በጥቁር ክር ሰፋው። ትንፋሹ ሆዴ ላይ ይሰማኛል። እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ሲጨርስ ክሩን በጥርሱ በጠሰው።

“እኔ የሰፋሁት ልብስ አደባባይ ላይ አይወልቅም” አለ። “በይ፣ አሁን በሁለት እጅሽ ሩጪ።”

ሮጥኩ። እንደዚያ ቀን በሕይወቴ ሮጬ አላውቅም። መጀመሪያ ለዘነበች፣ የዳቦ ሻጯ ልጅ ናት፣ አመቻችቼላት አቻ አደረገችን። ሊያልቅ ሲል ኳሷን መሀል ሜዳ ላይ አገኘኋት። ግራና ቀኙን ሁሉ ገደል ነው ብዬ፣ ሳማውን እያሰብኩ፣ ከእግሬ ሳልለይ አንዷን አለፍኩ፣ ሌላዋን አለፍኩ፣ በረኛዋ ስትወጣ በጎኗ አሳለፍኳት። ገባች። ሜዳው ተደበላለቀ፤ ልጆቹ እላዬ ላይ ተከመሩ። እናቴ ከጎረቤት ሰምታ ኋላ እንደነገረችኝ፣ አባባ አጠገብ የቆመ ሰውዬ ይህን የመሰለ ቁምጣ ማን እንደሰፋው ይጠይቀዋል። አባባ ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል ነው የመለሰለት።

“ቁምጣውን ተወው ወንድሜ። ሰባት ቁጥሯ የኔ ናት።”

ገጠር የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ አልተነሳም። በማግስቱ አባባ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ጠራኝ፤ የጎረምሳውን ሁሉ ልክ በቃሉ እያወቀ የገዛ ልጁን አለማወቁ እንደቆጨው ነገረኝና ወገቤን ለካኝ። ከዓመታት በኋላ ለአገሬ ስመረጥ የተሰጠኝ ማልያ ከልኬ በላይ ነበር። እጁ ይንቀጠቀጥ የነበረ ቢሆንም ለሌላ ሰፊ ማን ሰጥቶ፤ እሱው አጠበበልኝ።

ዛሬ መሪ በሚባለው ሰፈር ልጃገረዶች አሠለጥናለሁ። ሜዳችን ለጥ ያለ ነው፤ የወደቀች ኳስ ሳማ ውስጥ አትገባም። ቁምጣቸው ባለ ላስቲክ፣ በየልካቸው የተሰፋ ነው፤ ወገቡን ይዞ የሚሮጥ የለም። አንዳንዴ ያ ሳማ ይናፍቀኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቶቻቸው መስመሩ ላይ ይደረደራሉ። አንዷ ስታገባ አባትየው ሳያፍር፣ ደረቱን ነፍቶ፣ “ዘጠኝ ቁጥሯ የኔ ናት!” እያለ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይናገራል። ለእነሱ ተራ ነገር ነው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ፊቴን ዞር አደርጋለሁ። ከእኛ ሰፈር ሰው ያን ቃል መጀመሪያ የተናገረው፣ ክሳዱ ላይ መርፌ የሚሰካ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር።