ሽማግሌ ሲመላለስ ቀኑ አለፈ

ላስ ቬጋስ ሆስፒታል መዝገብ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አንድ ሙሉ ጋሪ ፋይል አበላሸሁ። አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት ስለ ሠራሁ ማን አባቱ ሊያስተምረኝ ብዬ ነበር። እኛ አገር ፋይል የሚደረደረው ከፊተኛው ቁጥር ተነስቶ ነው። እዚያ ደግሞ ከኋለኞቹ ሁለት ቁጥሮች ይጀመራል፤ እያንዳንዱ ቁጥርም የራሱ ቀለም አለው። አለቃዬ ዶሎረስ፣ ከኒው ሜክሲኮ የመጣች ቁጡ ሴት፣ መደርደሪያውን አየችና "ታደሰ፣ በአገርህ በሽተኛ ከራሱ ይጀምራል መሰለኝ፤ እዚህ ከእግሩ ነው" አለችኝ። ሁሉንም አውርጄ እንደገና ደረደርኩ።

በሁለተኛው ዓመት ከመደርደር ወደ ማጣራት አደግሁ። ሥራዬ በሽተኛው ከወጣ በኋላ ቻርቱን፣ ማለትም የሕክምና መዝገቡን፣ ገጽ በገጽ አይቶ የጎደለ ካለ ምልክት መለጠፍ ነው። ሐኪሙ ያልፈረመው ትእዛዝ፣ ያልተጻፈ የኦፕራሲዮን ሪፖርት፣ ሰዓት የሌለው የነርስ ማስታወሻ። ያልፈረመው ቻርት የተጠራቀመበት ሐኪም ደብዳቤ ይደርሰዋል። ካልመጣ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ እንዳይዝ ይታገዳል። ስለዚህ እየተነጫነጩም ቢሆን ይመጡልን ነበር።

ሐኪሞቹ ሊፈርሙ የሚቀመጡት ከጠረጴዛዬ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ጊዜው ፕሬዚዳንቱ ለሰው ሁሉ የጤና ኢንሹራንስ አመጣለሁ ያሉበት ስለነበር ጭቅጭቁ ለጉድ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚጮኸው አንድ የአጥንት ሐኪም ነበር። "ሪፎርም የሚያስፈልገው ለጠበቆች ነው!" ይላል። "አንድ በሽተኛ ሳላይ ለክስ ኢንሹራንስ የምከፍለውን ብታውቁ ታለቅሳላችሁ። በዚህ ከተማ ጥፍሩ የተሰበረ ሁሉ ይከሳል!" ሌሎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም እውነቱን ይመስለኝ ነበር። ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ በየመንገዱ ዳር የተሰቀለው የጠበቃ ማስታወቂያ ነዋ።

ዶሎረስ ግን አንድ ቀን ጠራችኝና የተቆለፈውን ካቢኔ ከፍታ አሳየችኝ። ጠበቃ የጠየቀው ቻርት እዚያ ይገባል፤ ማንም ገጽ እንዳይጨምርበት፣ ገጽ እንዳይቀንስበት። አንድ ካቢኔ ናት፣ እሷም ግማሿ ባዶ። "ከሳሾቹ እነዚህ ናቸው" አለች። ከዚያ እስከ ጣሪያ ፋይል ወደ ተደረደረበት ወደ ትልቁ አዳራሽ በአገጯ አመለከተችኝ። "ያልከሰሱትን እኔና አንተ ነን የምናውቃቸው።" ነገሩን ያኔ አላስተዋልኩትም።

ዘውዲቱን የማውቃት ከሱዳን ስደታችን ጀምሮ ነው። እንደ ታናሽ እህቴ ናት። አንድ ካዚኖ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፣ አልጋ ታነጥፋለች። ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ካለው አፓርታማዋ ደረጃ ላይ ወደቀችና ቀኝ እጇ ከአንጓው በላይ ተሰበረ። የእኛው ሆስፒታል ገባች፤ ያው የአጥንት ሐኪም አጥንቱን አስተካክሎ በጄሶ ጠቀለለው። አንድ ቀን ተኝታ ወጣች።

በሳምንቱ ቻርቷ ተራውን ጠብቆ እኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ስሟን ሳይ ደነገጥኩ፤ ቢሆንም ሥራ ነውና ገለጥኩት። ነርሷ እንዲህ ጽፋለች፦ በሽተኛዋ ጣቶቼ ደነዘዙ ትላለች፤ ጣቶቿ ቀዝቃዛና ሰማያዊ ናቸው፤ ለሐኪሙ ተደውሏል፤ አዲስ ትእዛዝ የለም። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ያው። ጠዋት ደግሞ ያው። ሦስት ጊዜ ተደውሎለታል! ጄሶ ቀዶ ማላላት እኮ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከሥሩ በራሱ በሐኪሙ እጅ "ደህና ናት፣ ትውጣ" ይላል። የጎደለ ፊርማ አልነበረም። የእኔ ሥራ ፊርማ ማየት ነው፤ ምንም ሳልለጥፍ አሳለፍኩት።

ጄሶው ሲወልቅ ጣቶቿ ተኮራምተው ቀሩ። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደች። እሱም ጄሶው ጠብቆ ደም ስለከለከለው ጡንቻው ሞቷል አላት። ሁለት ኦፕራሲዮንና ረጅም የእጅ ሕክምና ብታገኝ ግን ጣቶቿ እንደገና ዕቃ መያዝ ይችላሉ። ኢንሹራንሷ የሥራዋ ነበር፤ በአንድ እጅ አልጋ ማንጠፍ ስላልቻለች ሥራው ሲቀር ኢንሹራንሱም አብሮ ቀረ። ያቺን እጅ የሚያሳክማት ያበላሸው ሰው ካልሆነ በቀር ማንም አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቷ ተሰበሰብን። በዚያ ጊዜ ሐበሻው ጥቂት ነው፤ የተጣላውን ሁሉ የሚያስታርቁት አቶ ሙላቱ ነበሩ። አንዱ ልጅ ጠበቃ እንያዝ ሲል ተቆጡ። "ሐኪም ይከሰሳል እንዴ? ዛሬ አንዱን ብንከስ ነገ ሐበሻ ሲያዩ በራቸውን ይዘጋሉ። ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ሽማግሌ እንላክበት፤ ይቅርታ ይጠይቃት፣ ያሳክማት።" ዘውዲቱ "እርስዎ ካሉ" አለች። እኔስ? ቻርቱን ያነበብኩት ሰውዬ? "ጋሼ ሙላቱ ልክ ናቸው" አልኩ! ይሉኝታና ምስጢር አወጣህ ተብሎ እንጀራ የማጣት ፍርሃት ያን ቀን አንድ ላይ ያዙኝ።

ሦስት ሆነን ሄድን። አቶ ሙላቱ፣ አንድ ዲያቆንና እኔ አስተርጓሚው። በነሐሴ የቬጋስ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ከነከራባቱ ለብሰን ሐኪሙ ቢሮ ገባን። ጸሐፊዋ ቀጠሮ አላችሁ ወይ ብትል የለንም። ተቀመጡ ብትል አቶ ሙላቱ "የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም በላት" አሉኝ። ሽማግሌ እንዲህ ቆሞ ሲለምን እኛ አገር ድንጋይ ልብ ይራራል። ቆምን። በሽተኞቹ ያዩናል። ላቡ በጀርባችን ይወርዳል። ጸሐፊዋ ስልክ አንስታ ሴኩሪቲ ጠራች። ሁለት ጠብደሎች መጥተው አቶ ሙላቱን ክንዳቸውን ይዘው አስወጡን። የእኔን ውርደት ተዉት፤ የአቶ ሙላቱን ፊት ባየሁ ጊዜ ደሜ ፈላ።

በሳምንቱ ከሆስፒታሉ አንዲት ሴትዮ ደወለች። ሥራዋ ክስ እንዳይመጣ መከላከል ነው፤ እኛ ግን ያን አላወቅንም። ስለተፈጠረው ይቅርታ ብላ ቢሮዋ አስቀመጠችን፣ ቡና በወረቀት ኩባያ አቀረበችልን። አቶ ሙላቱ ስለ ዘውዲቱ እጅ ሲናገሩ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "በጣም እናዝናለን። ጉዳዩን እንመርምረው፣ ጊዜ ስጡን" አለች። አቶ ሙላቱ ደስ አላቸው። "አየህ፣ ሰው በሰውነቱ ሲያዝ እንዲህ ነው" አሉኝ መኪና ውስጥ።

ጊዜ ሰጠናት። ሐኪሙ እረፍት ወጥቷል ተባለ። ኮሚቴው አልተሰበሰበም ተባለ። የእነሱ ገና መጣ፣ የእኛ ፋሲካ መጣ። ዘውዲቱ ኖርዝ ላስ ቬጋስ የአጎቷ ልጅ ቤት ተጠግታ በግራ እጇ ሕፃን ትጠብቃለች። አንድ ቀን አቶ ሙላቱን "ለማንኛውም ጠበቃ እናማክር" ብላቸው ጮኹብኝ። "ጊዜ ስጡኝ ያለ ሰው ላይ ከኋላ ፍርድ ቤት መሄድ? ሽማግሌ ይዞ? ነውር አይደለም እንዴ!" በእኛ ወግ ነውር ነው። ሴትዮዋ ግን የእኛን ወግ ምን ቆርጧት ታውቃለች? የምታውቀው የቀን መቁጠሪያዋን ነው።

ሁለት ዓመት ሲሞላ ደብዳቤ መጣ። አቶ ሙላቱ ሥራ ቦታዬ ድረስ ይዘውት መጡ። ምርመራው ተጠናቋል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ መልካሙን ሁሉ እንመኛለን ይላል። ሮጠን ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ጠበቃው ዘውዲቱ ሁለተኛው ሐኪም ዘንድ የሄደችበትን ቀን ጠየቀን። ቆጠረ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ጉዳቱን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ ለመክሰስ ሁለት ዓመት ነው ያላችሁ። አሥራ አንድ ቀን አልፎታል" አለ። አቶ ሙላቱ ተርጉምልኝ አሉኝ፤ ተረጎምኩ። ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ ወዲያ እኚያ ሰው ሽምግልና ተቀምጠው አላየሁም።

በዚያው ሰሞን የአጥንት ሐኪሙ ሊፈርም መጣ። የፕሬዚዳንቱ ሪፎርም ወድቆ ቀርቶ ነበር፤ እሱ ግን አሁንም ስለዚያው ስለ ክስ ይጮኻል። ሐሰተኛ ከሳሾች፣ ሆዳም ጠበቆች፣ ኢንሹራንሱ ገደለን። ተነሳሁና የዘውዲቱን ቻርት ከመደርደሪያ አውጥቼ የነርሷን ገጽ ገልጬ ፊቱ አስቀመጥኩት። አየው። "ይኼ ተፈርሟል" አለኝ።

"አዎ፣ ተፈርሟል" አልኩት። "ይህች ሴት አልከሰሰችህም። ሽማግሌ ነው የላከችብህ፤ በሴኩሪቲ አስወጣኸው። ኢንሹራንስህን ያስወደደችው እሷ አይደለችም፤ ስለዚህ ስትጮህ እሷን ከቁጥሩ አውጣት።" እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እሱ ቀልቶ ወጣ፤ ወዲያው ከሰሰኝ፣ ለአለቃዬ።

ዶሎረስ አስጠርታ ማስጠንቀቂያ ጻፈችብኝ፣ ከሥራም ለሦስት ቀን አገደችኝ። "ያለ ሥራ ቻርት ማውጣት አይፈቀድም፤ ታውቃለህ" አለች። አዎ አልኳት። "ቆይ፣ ሴትዮዋን ታውቃታለህ?" አለችኝ። እህቴ ናት ማለት ይቻላል አልኩ። ዶሎረስ እስክሪብቶዋን ወረወረችው። "ታዲያ ቅጂሽን ጠይቂ ለምን አላልካትም? ማንም በሽተኛ ፎርም ሞልቶ ይወስዳል! ፎርሙ ያለው አንተ መሳቢያ ውስጥ ነው!"

እገዳው በጀመረ ዕለት ዘውዲቱ ዘንድ ሄድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሰማችኝ።

"ወረቀቱን ያየኸው መቼ ነው ጋሼ?"

"ከሆስፒታል በወጣሽ በሳምንቱ።"

"ነርሷ ደውላ ነበር?"

"ሦስት ጊዜ።"

"እኔ እኮ እሷን ነበር የምረግመው" አለች። "እየነገርኳት ዝም ያለችኝ መስሎኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እሷን ስረግም ኖርኩ። ዝም ያልከኝ አንተ ነህ?"

አዎ አልኳት። ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ጉልበቷ ላይ ልወድቅ ስል በግራ እጇ ትከሻዬን ገፋችኝ። "ተነስ ጋሼ። ሽማግሌ አትላክብኝ ብቻ" አለች። እጇ እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው።

ከሃያ ዓመት በላይ መዝገብ ቤት ሠርቼ የማውቀው ይህን ነው። ሐኪም ካጠፋባችሁ መጀመሪያ የቻርታችሁን ቅጂ አውጡ። ቀጥሎ የመክሰሻው ጊዜ መቼ እንደሚያበቃ ጠበቃ ጠይቁ። ሽማግሌ ከዚያ በኋላ ይላካል። መዝገብ ቤት የምትሠሩ ልጆች ደግሞ ያነበባችሁትን ለማንም አታውሩ፤ ግን ለባለቤቱ "ቅጂህን ጠይቅ" ማለት ምስጢር ማውጣት አይደለም፤ ማንም በዚያ ከሥራ አያባርራችሁም። እኔ አላልኳትም።